ሚኒስኮፕ ወይስ ኒውሮፒክስልስ? ያለ ገደብ የምትንቀሳቀስ አይጥን አንጎል ለመቅዳት

መሣሪያ ሊገዛ የተነሳ ቤተ ሙከራ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በአንድ ጊዜ ስንት ሴል ያሳያል?» ብሎ ነው። ጭንቅላት ላይ የሚገጠመው ትንሽ ማይክሮስኮፕ ሚኒስኮፕም፣ አንጎል ውስጥ የሚገባው ቀጭን የኤሌክትሪክ መቅጃ ኒውሮፒክስልስም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴሎችን ሊያሳዩ ስለሚችሉ ይህ ጥያቄ ብዙም አይለያቸውም። የሚለያቸው ጊዜ ነው፤ የሴሉ ምት (አጭር የኤሌክትሪክ ምልክቱ) በሚሊሰከንድ መለካት አለበት ወይስ ያንኑ ሴል ከሳምንታት በኋላ መልሶ ማግኘት ይፈለጋል?

ሚኒስኮፕ የሚቀዳው ብርሃን ነው። ሴሉ ሲነቃ ካልሲየም ይገባበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ አማካይነት እንዲያመርተው የተደረገው ጂካምፕ የተባለ ፕሮቲንም ይደምቃል። ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነው የዩሲኤልኤ ሚኒስኮፕ አራተኛ ስሪት 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ20 እስከ 30 ግራም ለምትመዝን አይጥ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ብልጫው ግልጽ ነው፤ የተመረጠ ዓይነት ሴል ብቻ እንዲደምቅ ማድረግ ይቻላል፣ የሴሎቹም አቀማመጥ በምስሉ ላይ ስለሚታይ የዛሬውን ከሳምንታት በኋላ ከሚቀዳው ጋር ማመሳከር አያስቸግርም። ነገር ግን ብርሃኑ ቀስ ብሎ ስለሚከስም ተከታትለው የመጡ ምቶች አንድ ላይ ይደባለቃሉ። ገዢ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፦ ለትውስታ የሚያገለግለውን የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስን ለማየት ሌንሱ የሚቀመጠው ከላዩ ያለው ኮርቴክስ (የአንጎል የላይኛው ንጣፍ) በከፊል ተመጥጦ ከወጣ በኋላ ነው። የጥናቱ ጥያቄ ያንን ኮርቴክስ የሚነካ ከሆነ እኔ ሚኒስኮፕን አልመርጥም።

በ2021 ይፋ የሆነው ኒውሮፒክስልስ 2.0 በአራት ቀጫጭን መርፌዎቹ ላይ 5,120 መቅጃ ነጥቦች አሉት፤ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ከ384ቱ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በሰከንድ 30,000 ጊዜ ስለሚለካ የአንዱ ሴል ምት ከሌላው በስንት ሚሊሰከንድ እንደቀደመ ይታወቃል። በእንቅልፍ ጊዜ ሂፖካምፐስ አይጧ ቀን የሄደችበትን መንገድ በቅጽበት ሲደግመው ለማጥናት የምመርጠው ይህንን ነው። ዋጋው ግን በመረጃ ብዛት ይከፈላል፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ 80 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፣ ምቶቹን በየሴላቸው መለየትም ሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን የሰው ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። የሴሉን ዓይነት ማወቅም አስቸጋሪ ነው።

ሚኒ2ፒ የተባለው ከ3 ግራም በታች የሚመዝን ባለ ሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ ከተራው ሚኒስኮፕ ይበልጥ የጠራ ምስል ይሰጣል። ልዩ ሌዘርና ሌዘሩን የሚያስተካክል ባለሙያ ለሌለው ቤተ ሙከራ ግን አይመከርም።

የትኛውም ቢመረጥ ገመዱ አይዘንጋ። አይጧ በዞረች ቁጥር ገመዱ ይጠማዘዛል፣ ጭንቅላቷን ይጎትታል፣ አካሄዷም ይለወጣል። ስለዚህ ኮሚዩቴተር የሚባለው አብሮ ዟሪ ማገናኛ ከመጀመሪያው በግዢው ውስጥ ይካተት።