ቡና ላይ ወይስ ስብሰባ ላይ? የመሬት መብትን ለገጠር ሴቶች ማስረዳት

በአማራ ክልል የባልና ሚስት የጋራ መሬት ይዞታ ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶ ይይዛል። ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ መብቷን የማታውቅ ሴት ግን አለች። የት እንንገራት?

ወጪ፦ ለስብሰባ የዛፍ ጥላ ይበቃል። ቡናው ስኳርና ቆሎ ይፈልጋል፤ ጎረቤቶች በተራ ካፈሉ ግን አይከብድም።

ነጻነት፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። ስብሰባ ላይ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ይቀመጣሉ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ዝም የምትል ሴት ብዙ አይቻለሁ። ያቺው ሴት አቦል ላይ ታዳምጣለች፣ ቶና ላይ ትጠይቃለች፣ በረካ ላይ የራሷን ጉዳይ ታወጣለች። ባሏ ሳያማክራት መሬቱን ማከራየቱን የምትናገረው እዚያ፣ ጀበናው ዘንበል ብሎ ሳለ ነው።

ስጋት፦ የቡና ወሬ ሐሜት ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተ መረጃም ቶሎ ይዛመታል። ሕጉን የምታውቅ ባለሙያ ብትገኝ ይመረጣል። ስብሰባው ግን ቃለ ጉባኤ ስላለው የተባለው በጽሑፍ ይቀራል።

ለማን፦ መብቷን ገና ላላወቀች ወይም ጉዳዩ ገመና ለሆነባት ቡናው ይቅደም። የድንበር ክርክር ላለባት፣ ውሳኔና ምስክር ለምትሻ ስብሰባው ይሻላል፤ ያኔም የቡና ጎረቤቶቿ አጠገቧ ይቀመጡ።