ለላፕቶፕ የብረት ገመድ ቁልፍ፦ በደሴ ቢሮ ሲፈተሽ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ የኮምፒውተር ዕቃዎች መደብር የገዛናቸውን ሁለት የላፕቶፕ መቆለፊያ ገመዶች፣ አንዱን ባለ ቁልፍ ሌላውን ባለ ቁጥር፣ በሒሳብ ሥራ ቢሮአችን ስንጠቀምባቸው ቆይተናል። በሐምሌ የግብር ወቅት ባለጉዳይ ሲገባና ሲወጣ ስለሚውል፣ ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ለመውጣት የአፍታ መዘናጋት በቂ ነው። ገመዱ የሚከላከለው በትክክል ይህንን ነው።

ገመዱ የሚገጠመው በላፕቶፑ ጎን ባለው ጠባብ ቀዳዳ ነው። ኬንሲንግተን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ቀዳዳ 7 በ3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው ግን 6 በ2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ማክቡክ ኤር ደግሞ ጭራሹኑ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ገዢው ላፕቶፑን ይዞ ሄዶ እዚያው ቢሞክረው ይሻላል።

ከሁለቱ ባለ ቁልፉን እመርጣለሁ። ባለ አራት አሃዙ ቁጥር 10,000 አማራጭ አለው ቢባልም፣ ርካሽ በሆኑት ላይ ገመዱን ወጥሮ የቁጥር ቀለበቶቹን ቀስ እያደረገ የሚያዞር ሰው ትክክለኛውን አሃዝ በእጁ ሊያገኘው ይችላል።

ይሁን እንጂ ከቁልፉ ዓይነት ይልቅ ወሳኙ ገመዱ የሚታሰርበት ነገር ነው። በጠረጴዛ እግር ላይ ብቻ የተጠመጠመ ገመድ ጠረጴዛውን ከፍ በማድረግ ከሥር ሾልኮ ይወጣል፤ እኛ በብየዳ ቤት በየጠረጴዛው ብረት ላይ ወፍራም ቀለበት አስበይደናል፣ ይህም ከገመዱ ባልተናነሰ ጠቅሞናል። ትልቅ የብረት መቁረጫ ይዞ በሌሊት ለሚመጣ ሰው ግን ገመዱ ብዙም አይበግረውም፤ ማታ ማታ ላፕቶፖቹ የሚገቡት ከግድግዳ ጋር በብሎን በታሰረ የብረት ካቢኔት ውስጥ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ተቋማት ኮምፒውተሮቻቸውን ከነመዛግብታቸው አጥተዋል፤ ስለዚህ ዕቃውን መጠበቅና መረጃውን መጠበቅ አንድ እንዳልሆኑ እዚህ አገር ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ገመዱ ክፍት የተተወ ስክሪን አይዘጋም፤ ከመቀመጫ ሲነሱ ከኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የኤል (L) ፊደልን አብሮ መጫን ያስፈልጋል። ዲስኩም በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የመረጃ መመስጠሪያ፣ ካልተመሰጠረ፣ ላፕቶፑን የወሰደ ሰው ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ሊያነበው ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተገቢውን የደኅንነት እርምጃ የመውሰድ ግዴታ ስለሚጥል፣ የደንበኛ መረጃ የሚይዝ ቢሮ ይህን ቸል ማለት የለበትም። ማኅተሙ፣ የደረሰኝ ጥራዙና ፍላሹም የሚቆለፍ መሳቢያ ይፈልጋሉ። የተበላሸ የሒሳብ ወረቀት ሳይቀደድ ወጥቶ የቆሎ መጠቅለያ መሆኑ በተለይ ያሳዝነኛል።

መደብሩ ገመዱን በላፕቶፓችን ላይ ገጥመን እንድንሞክር ስለፈቀደልን ምስጋና ይገባዋል፤ ዋጋውም ከላፕቶፑ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ለትንሹ ቀዳዳ የሚሆነውን ዓይነት ግን ስላላገኘንበት፣ አዲሶቹ ላፕቶፖቻችን ቀን ቀንም ያለ ገመድ እየዋሉ ናቸውና መደብሩ እንዲያስመጣው አጥብቀን እንጠይቃለን።