«ቤት ድረስ» ስትባሉ «የማን ቤት?» በሉ፦ ወደ ዘጌ ዕቃ ለምታጓጉዙ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ቤት ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍሉ። እኔ መጀመሪያ ከፍዬ፣ በኋላ ነው የገባኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቀበሌ 14 ስምንት ዓመት ተከራይተን ኖርን። ዘንድሮ አከራያችን ኪራይ ጨመሩ። እናቴ ደግሞ ዘጌ ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷም ከድቷታል። ባለቤቴ ግንበኛ ስለሆነ የትም ይሠራል። «እንግዲያው እማማ ጋ እንግባ» ተባባልን። የልጆቹ ትምህርት እስኪዘጋ ጠበቅንና ሰኔ መጨረሻ ላይ ዕቃ ማሰር ጀመርን። ሰኔ! ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ በራሱ ጥፋት ነው፤ ዝናቡን እያወቅኩት ነው የገባሁበት።

ደላላውን ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። ስልክ ላይ አንደበቱ ማር ነው። «መኪና፣ ጫኝና አውራጅ፣ ገመድ፣ ሸራ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ቤት ድረስ ነው እህቴ። አንቺ ቡናሽን አፍልተሽ ጠብቂ» አለኝ። 12,000 ብር ጠራ። ተከራክሬ በ9,500 ቆረጥን። 4,000 ቀብድ በቴሌብር ላክሁለት። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ባለቤቴ ያን ሰሞን ለሥራ ዳንግላ ነበር።

አሁን «የዘጌ ልጅ ሆነሽ እንዴት ተሸወድሽ?» ትሉኛላችሁ። የተሸወድኩት የዘጌ ልጅ ስለሆንኩ ነው። እኛ ጋ መኪና በር ላይ እንደማይቆም የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። የእናቴ ቤት፣ መኪና ከሚቆምበት ከአፋፍ ከሚባለው ቦታ፣ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ይሆናል፤ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወጥታችሁ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ቁልቁል። መንገዱ ድንጋይና የዛፍ ሥር ነው። ስለዚህ ሰውየው «ቤት ድረስ» ሲለኝ፣ ከአፋፍ ወዲያ በሰው ትከሻ ማለቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። እሱ «ቤት» ያለው መኪናው የሚቆምበትን ነው። አንዲት ቃል ለሁለት ተካፍለን ይዘናት ነበር፤ የሂሳቡ ቀን ነው የተገለጠችው።

ጠዋት 12 ሰዓት ይመጣል የተባለው አይሱዙ 4 ሰዓት ላይ መጣ። አራት ጫኞች አብረው ነበሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠራርገው ጫኑት፤ ፍጥነታቸውን አይቼ ተደስቼም ነበር። ፍሪጁን በጎኑ አጋደሙት። ምጣዴ ሲወረወር «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። መኪናው ሊነሳ ሲል ልጆቹ እጃቸውን አራግፈው ወደ ሰፈራቸው አቀኑ።

«እናንተስ አትሳፈሩም?» አልኳቸው።

«እኛ የባሕር ዳር ነን፣ እህታለም። ማውረድ የእኛ አይደለም።»

ሾፌሩን አየሁት። «እዚያ አውራጅ ሞልቷል፣ አታስቢ» አለ። አውርዱ ብዬ ማስቆም የነበረብኝ ያኔ ነው። ግን ቤቱን አስረክቤያለሁ፣ ልጆቼ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ሰው እንዲህ ሲጣደፍ ነው የሚያገኙት።

ሸራ የተባለውም አልነበረም። ስጠይቅ ረዳቱ ሳቀ።

አፋፍ 7 ሰዓት ገባን። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና «ደርሰናል» አለ።

«የት?»

«ዘጌ።»

አልዋሸም። ዘጌ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በደንብ አንብቡት፤ የወጥመዱ አሠራር ይኸው ነውና። ሾፌሩ ስፖንዳውን ሳይከፍት ቀሪውን 5,500 ብር ጠየቀ። «ቤት ድረስ ነው የተባባልነው» አልኩ። «እኔ ያከራየሁት መኪናዬን ነው። ከደላላው ጋር ጨርሺ» አለ። ለደላላው ደወልኩ። «እኔ ያገናኘሁሽ ከመኪናው ነው፣ ማውረዱን እዚያው ትነጋገሪያለሽ» አለ። «ሁሉም በአንድ ዋጋ አላልከኝም?» ስለው ኔትወርኩ ተበላሸ አለና ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። የአፋፍ ጫኝና አውራጆች ደግሞ ከበው ቆመዋል። እስከ ቤት ለማድረስ 7,000 ብር አሉ። ለመኪናው ከቆረጥኩት ብዙም የማይተናነስ! እኔ እነሱን ስከራከር ሾፌሩ በየሩብ ሰዓቱ «የቆይታ ይታሰባል» ይላል። ሦስቱም በየፊናቸው ልክ ናቸው፤ ዕቃው ግን ተቆልፎበታል፣ ከፋይዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሾፌሩ ጭራሽ «አቅም ከሌለሽ ይህን ሁሉ ዕቃ ማን ሰብስቢ አለሽ?» አለኝ፣ ልጆቼ ፊት። በገንዘቡ ያልተቃጠልኩትን ያህል በዚህ ተቃጠልኩ።

ዝናቡ ጀመረ። በቃ፣ ከፈልኩ። 5,500ውን ለሾፌሩ፣ 500 ደግሞ «ለቆይታ»። ዕቃውን መንገድ ዳር አወረዱት። አንዲት ጠላ ሻጭ እናት አይታ አዘነችልኝና ወደ በረንዳዋ አስገባሁት። ፍራሾቹ ግን ቀድመው ርሰው ነበር። ሦስት ቀን ነው የደረቁት፣ ሽታቸው ደግሞ እስከ መስከረም ዘለቀ።

የአፋፍን ልጆች አልወቅስም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳደበው እነሱን ነው። በማግስቱ ረጋ ብለን ተቀምጠን ተነጋገርን። ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጥረው በ4,800 ተስማማን፤ ሲሠሩም አየኋቸው። ፍሪጁን በሁለት ወፍራም አጣና አስረው አራት ሆነው ተሸከሙት። ቀይ ጭቃ፣ የረጠበ ሥር፣ ሽቅብ። በየሃያ እርምጃው ያሳርፋሉ። ከላይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቃሬዛ መስሏቸው ከመንገድ ወጥተው ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማን ታመመ ልጆቼ?» አሉ። «ፍሪጅ ነው አያ» አላቸው አንዱ እያለከለከ። «እግዜር ይማረው» ብለው አለፉ። ከሁለት ቀን በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው። ለዚህ ጉልበት 4,800 አይበዛም። የሚያቃጥለው ይህ ዋጋ ባሕር ዳር ሳለሁ አለመነገሩ ነው። ቢነገረኝ ኖሮ ግማሹን ዕቃ ሸጬ እመጣ ነበር።

ሌላም ያልታሰበ ወጪ አለ። ቁም ሳጥኑ ሲያልፍ የጎረቤታችንን የቡና ቅርንጫፍ ገነጠለው። እትዬ ወጥተው «ይህ እኮ የአባታችን የበትረ ማርያም ቡና ነው!» ብለው ጮኹ። ዘጌን ለማታውቁ፦ በአገራችን ትውፊት ቡናውም፣ ጌሾውም፣ ሎሚውም ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው የበቀለው። በወጉም በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ስለዚህ ነው። ጣናና ዙሪያው በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ እዚህ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለቁም ሳጥን መንገድ ማስፋት የለም። «ታዲያ በአህያ አትጭኚውም ነበር?» የሚለኝም አይጠፋም፤ እኔ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ባገኝስ ሶፋ በአህያ ጀርባ እንዴት ይሆናል? እትዬን ይቅርታ ጠይቄ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ። የእናቴ ወዳጅ ስለሆኑ በዚያው አለፈ።

አሁን ወደ ቀብዱ። ፍርድ ቤት የምትሠራ ዘመዴ ነገሩን ስነግራት «ሕጉን ብታውቂ ኖሮ ዝም አትዪም ነበር» አለችኝ። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል። ቁጥር 1885 ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 4,000 የተቀበለ 8,000 ይመልሳል ማለት ነው። ደስ አይልም? ግን ዘመዴ ቀጠለችና «ውሉ ምን ነበር? ምን ሊያደርግልሽ ነው ቀብድ የተቀበለው?» አለች። ዝም አልኩ። በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። ብሩ መላኩን ይናገራል። ቤት ድረስ፣ ሸራ፣ አውራጅ የሚል ነገር የለበትም።

የሸማቾች አዋጅም አለ፣ ቁጥር 813/2006። ስለምትገዙት አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ከነጋዴ ስድብና ዛቻም ይጠብቃችኋል። የሾፌሩን ንግግር አስታወስኩና አቤቱታ ላቀርብ ተነሳሁ። ስሙን አላውቅም። ታርጋውን አልጻፍኩም። ደረሰኝ አልተቀበልኩም። ማንን ልክሰስ? ስለዚህ መኪናው ሲመጣ፣ አንድ ዕቃ እንኳ ሳይጫን፣ ታርጋውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከተቆጣ ሌላ መኪና ፈልጉ።

እኔ እንደገና ባደርገው ደላላውን አልተወውም፤ ያለ ደላላ መኪና ማግኘት ይከብዳል። ግን አንዲት ወረቀት ላይ ከየት ተጭኖ የት እንደሚወርድ አጽፈው ነበር። «ዘጌ» ብሎ ሳይሆን «አፋፍ» ወይም «ከአፋፍ ወዲያ እገሌ ቤት፣ በሸክም» ብሎ። የማውረጃውን ማን እንደሚከፍል፣ መኪናው ምን ያህል ሰዓት ያለ ክፍያ እንደሚቆም፣ ሸራ እንዳለ። ሁለት ምስክር። ቀብዱም ከነዳጅ ዋጋ ባይበልጥ። የመጨረሻውን ብር ስፖንዳው ተከፍቶ ዕቃው መሬት ሲነካ እንጂ አስቀድማችሁ አትስጡ። አፋፍ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉና የሸክሙን ዋጋ ከልጆቹ ጋር ቁረጡ። ዕቃ ሳይታገት የሚቆረጥ ዋጋና ከታገተ በኋላ የሚቆረጥ ዋጋ ሰማይና ምድር ነው፤ ከ7,000 ወደ 4,800 የወረደው በአንድ ሌሊት ነው።

ቤታችሁ ወደ ሐይቁ የተጠጋ ከሆነ የሞተር ጀልባውንም ጠይቁ። እኔ ዘግይቼ ነው ያሰብኩት። ለእናቴ ቤት ከጀልባ ማረፊያው ያለው ሽቅብ ከአፋፍ ካለው ያንሳል። ከጠየቃችሁ ግን ጠዋት ጫኑ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ዕቃ ያርሳል። የደንገል ታንኳ ማገዶና ቡና ይጭናል፣ ፍሪጅ ግን አታሳዩት። ፍሪጅ ካነሳሁ አይቀር፣ በጎኑ ተጋድሞ ከመጣ ወዲያው ሶኬት ላይ አትሰኩት። ቀጥ አድርጋችሁ ለሰዓታት አቆዩት፤ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ።

ደላላው በጥቅምት ደወለልኝ። ቁጥሩ አዲስ ነው፤ ድምፁን ግን አልረሳውም። «እህቴ፣ ቤት የሚቀይር ሰው ካወቅሽ ጠቁሚኝ፣ ኮሚሽን አለሽ» አለ። ማን መሆኔን አላወቀም። ዘጋሁበት።

ቡፌው እስካሁን አፋፍ ነው። ሜትር ይዤ ሄጄ ለካሁት። ሁለቱ ዛፎች መካከል መንገዱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቡፌው 1 ሜትር ከ20። ጎኑን አዙሮ እንዳይሸከሙት መስተዋቱ አይችልም። ጠላ ሻጯ እናት «እስክትወስጂው» ብላ ብርጭቆዎቿን ደርድራበታለች። በየሳምንቱ ለገበያ ስወርድ ጎራ እላለሁ። መስተዋቱን ከእኔ በላይ ነው የምትወለውለው።