ከደብረ ብርሃን የተቆረጠ የፍራንክፈርት ቲኬት

እኔ 67 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ 61። ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዓለምን በካርታ ላይ በዱላ ስጠቁም ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አውሮፕላን ላይ ግን እስካለፈው ሰኔ ድረስ ወጥቼ አላውቅም። እሷም እንደዚያው።

ጀርመን አገር ያለችው ልጃችን አረገዘችና «ለክርስትናው መድረስ አለባችሁ» አለች። በአልትራሳውንድ ሴት ናት ተብሏል። ሴት በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ባለቤቴ በጣቷ ቆጠረችና ቀኑን አገኘችው። ወንድ ቢሆን ኖሮ በ40 ቀን ነበር፤ ያኔ ጉድ ፈልቶልን ነበር።

ወረቀቱን የጨረሰችልን እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለች አንዲት የጉዞ ወኪል ቢሮ ናት። ቢሮ ስላት ብዙ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንዲት ልጅ። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም አለኝ፤ ልጅቷንም ማስቀየም አልፈልግም። እናቷን አስተምሬያታለሁ።

ከምስጋናው ልጀምር። ከሁሉ በፊት የቲኬት ነገር። በሌላ አገር ዞሮ የሚሄድ፣ ዋጋውም ቀለል የሚል በረራ ነበር። እኔ ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ። ልጅቷ «ጋሼ፣ እሱ ይቅርባችሁ» አለችኝ። መሀል ላይ ወርዶ፣ ሌላ በር ፈልጎ፣ አምስት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ አለው። የባለቤቴን ጉልበት ደግሞ ከበር ስትገባ ጀምሮ አይታዋለች። ስለዚህ በአየር መንገዳችን በቀጥታ ፍራንክፈርት፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ። እሷ የምታገኘው ኮሚሽን በየትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ምክሯ ግን ለኪሷ አልመሰለኝም።

ቲኬቱን አትማ ከሰጠችን በኋላ «እስቲ መቼ ነው የምትሄዱት?» ብላ ፈተነችኝ። ወረቀቱን አየሁ። እሑድ 00:35 ይላል። «እሑድ ማታ ነዋ» አልኩ። ሳቀች። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ እሑድ 00:35 ማለት ቅዳሜ አምሽተን፣ ሌሊት 6 ከ35 ነው። እሑድ ማታ ሻንጣችንን እየጎተትን ብንሄድ ኖሮ አውሮፕላኑ ከበረረ ቀን ሊሞላው ነበር። የሰዓት ዞን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ። ልጅቷ ወፍራም እስክሪብቶ አነሳችና ወረቀቱ አናት ላይ በአማርኛ ጻፈችበት፦ «ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ መግባት።» ያንን ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጠፍነው። የእኛ ዕድሜ ሰው ከዚህ የበለጠ አገልግሎት የሚፈልግ አይመስለኝም።

ስሙንም ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አመሳከረች። የባለቤቴ አያት ስም ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ነው የተጻፈው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ቲኬቱም በሁለት «ኤስ» ሆነ። የእኛ ስም እንደ ፈረንጅ ባልና ሚስት አንድ ስላልሆነ ደግሞ የጋብቻ ማስረጃ ያስፈልጋል አለች። እኛ የተጋባነው በሰማንያ ነው። ወረቀቱ አለ፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ሄደን በወጉ አስመዘገብን። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ፎቶ ተነስተን «ተጋቢዎች» ተባልን። ባለቤቴ ያን ቀን ስትስቅ ዋለች።

አንድ ሌላ ደንበኛ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ነበር። «ሲሄድ ለምንድነው መንገድ ላይ የሚያርፈው? ሲመለስ በቀጥታ አይደል የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። ይህቺን እኔ መለስኩለት፤ ጡረታ ብወጣም ሙያዬ ናት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና በተለምዶ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ዋሽንግተን ግን ዝቅ ያለ አገር ነው፤ ሞልቶ ይነሳል። ሰውየው ብልሽት መስሎት ሲፈራ ነበር የከረመው።

ዊልቸሩንም ያሰበችው ልጅቷ ናት። ቲኬቱ ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ከተጠየቀ አየር መንገዱ ያለ ክፍያ ያዘጋጃል። ባለቤቴ «ሽባ ነኝ እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ቀድሞም «ማዘር» ስለተባለች ከፍቷታል። ዝም ብለን አስመዘገብናት። ፍራንክፈርት ስንወርድ የኮሪደሩን ርዝመት አየችና ሳትናገር ተቀመጠች። የሚገፋው ልጅ በአቋራጭ፣ በአሳንሰር፣ በልዩ ሰልፍ ወሰደን። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ነበር።

አሁን ወደ ወቀሳው።

ለጀርመን ቪዛ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሆን አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስን፣ ሞትም ቢመጣ አስከሬን ማምጣትን ማካተት አለበት። ልጅቷ ይህንን ሁሉ ታውቃለች። ስማችንን፣ የልደት ቀናችንንና የጉዞውን ቀን አስገባች። በአምስት ደቂቃ ሁለት ገጽ ወረቀት ወጣ። 30,000 ዩሮ የሚለው በደማቁ ተጽፏል። ባለቤቴ «የእኔ ስኳርስ?» አለች። ስኳርም ግፊትም አለባት፤ ኪኒን ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ማዘር፣ ይሄ ለቪዛው ነው።»

ለቪዛው! እኛ እኮ የምንታመመው ለቪዛው አይደለም።

ማታ ቤት ገብቼ በመነጽሬ ላይ አጉሊ መነጽር ደርቤ አነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ «ፕሪ ኤግዚስቲንግ» የምትል ቃል አለች። ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመምና እሱ ያመጣው ነገር ሁሉ አይሸፈንም ማለት ነው። ባለቤቴ ጀርመን ላይ ስኳሯ ወርዶ ብትወድቅ ያ ደማቅ 30,000 ዩሮ ለእሷ ወረቀት ነው። ግፊቱ እኔም አለብኝ፤ አልጋ ላይ የሚያስተኛኝ ነገር ቢመጣ ከእሱ ውጪ ምን ይሆናል?

አስከሬን የምትለዋን መስመር ደግሞ ባለቤቴ አስተርጉማኝ አማተበች። «ሟርት ነው» አለች። ትንሽ ቆየችና «ግን ትኑር፤ እዚያ ማን ያለቅስልኛል?» አለች። ነገሩን ያስረዳኋት በእድር ነው። እድር ስትገቢ ደንቡ ይነበብልሻል አይደል? ወላጅ በሕይወት አለ ወይ ትባያለሽ። አዲስ አባል ገና ሳይከርም ቢደርስበት ምን እንደሚሰጠው ተጽፏል። ይሄም እድር ነው፤ ልዩነቱ ደንቡን ጮክ ብሎ የሚያነብልሽ ጸሐፊ የለውም።

ለጣት አሻራ ሁለታችንም በአካል አዲስ አበባ መሄድ ነበረብን። በዚያው የኢንሹራንስ ኩባንያ ቅርንጫፍ ገባሁ፤ ወረቀቱን የሸጠልንን ሳይሆን ሌላ። ጠረጴዛው ላይ የባለቤቴን የኪኒን ካርቶኖች ደረደርኩ። «ይህ ሁሉ አለባት። የሚሸፍን ውል አላችሁ?» ልጁ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ አለቃውን ጠራ። አለ። የቆየ ሕመም በድንገት ሲባባስ ለሚደረግ ሕክምና ብቻ፣ እስከ ተወሰነ ገንዘብ። የዘወትር ክትትልና ኪኒን አይጨምርም። ለዕድሜያችን አረቦኑ፣ ማለት ለኢንሹራንሱ የምንከፍለው፣ ከፍ ይላል። ሕመሙን ግን አስቀድሞ መናገር ግዴታ ነው፤ ከደበቅክ ኋላ ካሳው ይቀራል። የዋጋውን ልዩነት ስሰማ በሆዴ ከገበያችን ጋር አነጻጸርኩት። አንድ ደህና ሙክት አይገዛም። ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ወረቀት ገንዘብ አልተመለሰም። ቪዛው ሳይከለከል አይመለስም ተባልን። ይህን ደግሞ ሲሸጡልን የነገረን የለም። ለዚህ ኮከብ እቀንሳለሁ።

የቀረውን ባጭሩ። መንገዱን ታውቃላችሁ፤ ለሌሊት በረራ በቀን ነው የወጣነው። ሸኖ ላይ ባለቤቴ መኪና አስቆመች። ለአራስ ገንፎ ያለ ሸኖ ቅቤ አይሆንም። ልጃችን በስልክ ጮኸች፤ አውሮፓ ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ አያስገባም። ቅቤው አዲስ አበባ እህቴ ቤት ቀረ። እህቴ አልከፋትም። ሽሮው፣ በርበሬውና በሶው ገቡ።

ኪኒኑን በእጅ ቦርሳ፣ ከነካርቶኑና ከነሐኪም ወረቀቱ ያዝን። ይህንንም የነገረችን ልጅቷ ናት። የነገረችን ያልመሰለኝ ስለ ጠበሉ ነው፤ ነግራንም ከሆነ አልሰማንም። ባለቤቴ የጻድቃኔ ማርያምን ጠበል በሃይላንድ ሞልታ በእጅ ቦርሳዋ ይዛለች። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ አይታለፍም። ፈታሹ ወጣት አቀርቅሮ «እናቴ፣ ይቅርታ» አላት። እሷ አልተከራከረችም። ክዳኑን ከፈተች፣ ሰልፉ ላይ ላሉት በየተራ አጠጣች፣ ለልጁም ጨመረችለት። ሰልፉ ተጓተተ፤ ማንም አልተቆጣም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሐኪሙ ያዘዘላት እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበቅ ያለ ካልሲ አድርጋ፣ በላዩ የመንዝ ሱፍ ካልሲ ደረበችበት። መቀመጫችን ኮሪደር በኩል፣ ከመጸዳጃው ብዙ ሳይርቅ ነው። ይህም የልጅቷ ሥራ ነው። በየሰዓቱ እየተነሳን ወዲያ ወዲህ አልን፤ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል። የሐዋርያት ጾም ስለነበር የጾም ምግብ ቀደም ብላ አዝዛልናለች። የእኛ ከሌላው ሰው ቀድሞ መጣ። እንዲያውም ጎረቤታችን ዞር ዞር እያለ ያየን ነበር።

ክርስትናው ባማረ በሦስተኛው ቀን ባለቤቴን አዞራት። ግፊቷ ወጥቷል። በዚያ የእንግዳ ግርግር ኪኒኗን ሁለት ቀን ዘልላለች፤ ይህንን ያመነችው ግን ሐኪሙ ፊት ነው። ውሉ ላይ ወዳለው ስልክ ልጃችን ደወለች። ቁጥር ሰጧት፤ የት እንደምንሄድ ነገሯት። ከፍለን ታከምን፤ ደረሰኙን በዋናው ይዘን መጣን። ካሳው፣ በውሉ መሠረት ራሳችን የምንችለው ድርሻ ተቀንሶ፣ በስድስተኛው ሳምንት በብር ገባልኝ። ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንዴ ማኅተም፣ አንዴ ትርጉም ጎደለ ተብዬ። ቢሆንም ገባ።

ከተመለስን በኋላ በርበሬ ቋጥረን ልጅቷ ዘንድ ሄድን። ደረሰኙንም የመጀመሪያውን ወረቀትም አሳየኋት። ፊቷ ቀላ። «ጋሼ፣ እኔ ኤምባሲው የሚጠይቀውን ብቻ ነው የማየው» አለች። አላስተባበለችም፤ ይህን ወድጄላታለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ጠረጴዛዋ ላይ ካለው መስታወት ሥር አዲስ ወረቀት አየሁ። በዚያው ወፍራም እስክሪብቶ ነው የተጻፈው፦ «የቆየ ሕመም አለብዎት?» ያለ መነጽር ይነበባል።