የቆሽት አሚሌዝ አንቲቦዲ፦ ባሕር ዳር ላይ ስሞክረው

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። እኔ ደግሞ የምሠራው ቆሽት ላይ ነው፤ ማረሩም አልቀረልኝም።

የማስተርስ ጥናቴ ስለ ከብት ቆሽት ስለሆነ አሚሌዝን የሚያሳይ አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) አስመጣሁ። አሚሌዝ ስታርችን ወደ ስኳር የሚሰባብረው ኢንዛይም ነው። አንቲቦዲው ከጥንቸል የተገኘ ፖሊክሎናል (የብዙ ዓይነት አንቲቦዲዎች ድብልቅ) ነው፣ 100 ማይክሮሊትር። ብልቃጧ ከአውራ ጣቴ ታንሳለች፤ የሁለት ወር ደመወዜን ግን ይዛ ሄዳለች።

ከአዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ በአውሮፕላን ይዞልኝ መጣ። እጄ ሲገባ የበረዶው ከረጢት ቀልጦ ነበር። ደነገጥኩ። ደግነቱ ግማሹ ግሊሰሮል ስለሆነ ለጥቂት ሰዓት ሙቀት አልተበገረም። ግሊሰሮሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ ድርቅ ብሎ አይረጋም። መብራት እየሄደ እየመጣ ለሚያስቸግረው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍዬ ነው ያስቀመጥኩት።

የመጀመሪያው ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ የሚያሳይ ሙከራ) ከሸፈ። ባንድ፣ ማለት ፕሮቲኑን የሚያሳይ መስመር፣ የለም፤ ከታች የተዝረከረከ ጥላ ብቻ። ሻጩን በልቤ ስረግመው አደርኩ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ኖሯል! ቄራ በማለዳ ሄጄ ቆሽት ስጠይቅ የቄራው ጋሼ «ልጄ፣ ለውሻሽ ነው?» አሉኝ። «ለትምህርት ነው» ብዬ በፌስታል ይዤ ላቦራቶሪ ድረስ ተንዘላዘልኩ። ቆሽት ደግሞ የራሱን ፕሮቲን ለመፍጨት ጊዜ አይሰጥም። በሁለተኛው ቀን ከዓሣ ነጋዴዎች በረዶ ገዝቼ፣ ቆሽቱን ገና ትኩስ ሳለ በረዶ ውስጥ ቀበርኩት። ላቦራቶሪ እንደደረስኩም ፕሮቲን ቆራጮቹን የሚያግድ መድኃኒት ጨመርኩበት።

ያኔ አንቲቦዲውን በ1 ለ1000 በጥብጬ፣ ሜምብሬኑን (ፕሮቲኖቹ የሚለጠፉበትን ስስ ወረቀት መሰል ነገር) በ5 ከመቶ ቅባት አልባ የዱቄት ወተት ሸፍኜ ስሞክረው ከ50 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ትንሽ ከፍ ብላ አንዲት ጥርት ያለች ባንድ ወጣች። መመሪያው ላይ የተጻፈው ሰው፣ አይጥና አይጠ መጎጥ ብቻ ነው፤ በከብትም ሠራልኝ።

ቅሬታዬ ስሙ ላይ ነው። «የቆሽት አሚሌዝ» ይላል። የራሴን ምራቅ ከጎኑ ብጭን ከቆሽቱ በላይ ደምቆ፣ ያውም ሁለት ባንድ ሆኖ ወጣ። የሰው የምራቅና የቆሽት አሚሌዝ ከመቶ 97 ያህል አንድ ስለሆኑ አንቲቦዲው ባይለያቸው አልፈርድበትም። መመሪያው ግን በአንድ መስመር ሊያስጠነቅቀኝ ይችል ነበር። እኔን የጠቀመኝ የከብት ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የለም ማለት ስለሚቻል ነው። በሰው ናሙና የምትሠሩ ግን ሁለቱን የሚለይ ሞኖክሎናል (አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ አንቲቦዲ) ፈልጉ።

አንድ ሐኪም ዘመዴ «የቆሽት ሕመምተኛ አለኝ፣ በዚህ አትመረምሪልኝም?» አለኝ። አይሆንም። ብልቃጡ ላይ ለምርምር ብቻ ይላል፤ ሆስፒታል ደግሞ የሚለካው ደም ውስጥ ያለው ኢንዛይም ምን ያህል እንደሚሠራ ነው።

ግማሹ አሁንም ፍሪዘር ውስጥ አለ። ደብረ ማርቆስ ያለው ጓደኛዬ 10 ማይክሮሊትር ስጪኝ ብሎ ለምኖኛል። በረዶህን ይዘህ ና ብዬዋለሁ።