ባለ 311 ናኖሜትር የለምጽ መብራት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ፊቱ፣ አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ጥቂት ነጭ ቦታ ለወጣበት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ተቀምጦ ሰከንድ ለመቁጠር ትዕግሥት ላለው ሰው ይህ በእጅ የሚያዝ መብራት ገንዘቡን ያወጣል። የጣት ጫፍና እግር ላይ ብቻ ለወጣበት ግን አንመክረውም። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች በአብዛኛው ተመልሰው የሚወጡት ከፀጉር ሥር ነው፤ ጣት ጫፍ፣ መዳፍና ከንፈር ላይ ደግሞ ፀጉር የለም። በነጩ ቦታ ላይ ያለው ፀጉር ራሱ ከነጣም ተስፋው ያንሳል። ሰውነቱን በሰፊው ለያዘው ሰው የሚሻለው ሐኪም ቤት ያለው፣ ቆመው የሚገቡበት ትልቁ መብራት ነው፤ ጨረሩ በሚወጣበት በዚህች ትንሽ የመብራቱ መስኮት ጀርባን ሙሉ ማዳረስ ሰውን አሰልችቶ ያስተዋል።

ከመግዛት በፊት የቆዳ ሐኪም ይየው። ነጭ ቦታ ሁሉ ለምጽ አይደለም፤ ቋቁቻ በፈንገስ ቅባት ይድናል፣ ነጣ ያለውና የመዳሰስ ስሜት ያጣው ቦታ ደግሞ ለሥጋ ደዌ መመርመር አለበት። በዚያው የታይሮይድ ምርመራ አሠሩ፤ ለምጽ ያለበት ሰው ላይ የታይሮይድ ችግር ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለበት፣ የቆዳ ካንሰር ይዞት የሚያውቅ ወይም ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስድ (ዶክሲሳይክሊንና አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒኖች እዚህ ውስጥ ይገባሉ) ያለ ሐኪሙ ፈቃድ ሶኬት ላይ እንዳይሰካው።

አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ሳታዩ ብር አትክፈሉ። ትክክለኛው ከ9 ዋት ቀጥሎ 01 የሚል ቁጥር አለው፤ ፊሊፕስ የሚሠራው ጠባቡ ዩቪቢ ማለት ነው፣ ቀለም እንዲመለስ የሚያነሣሣው የአልትራቫዮሌት ጨረር፣ የሞገድ ርዝመቱ 311 ናኖሜትር አካባቢ። በቅርጹ የሚመሳሰል፣ እዚያው መያዣ ላይ የሚገባ ሌላ አምፖልም አለ። 10 የሚለው ዩቪኤ (ሌላው የአልትራቫዮሌት ዓይነት) ነው፣ የነፍሳት ወጥመድ ውስጥ የሚገባው፤ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። 12 የሚለው ሰፊው ዩቪቢ ሲሆን በዚያው ሰከንድ ቆዳን በእጅጉ ፈጥኖ ያቃጥላል። መርካቶ ገብቶ «ዩቪ መብራት አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የጥፍር ማድረቂያ ወይም የጀርም መግደያ ሊወጣለት ይችላል። የጀርም መግደያው 254 ናኖሜትር ነው፤ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል እንጂ ለምጽ አያክምም። ዕቃው ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፤ 110 ቮልት ብቻ የሚቀበለው የእኛ 220 ላይ ሲሰካ ወዲያው ይሞታል።

ዋናው ነገር መጠኑ ነው። መብራቱ ስንት ሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር እንደሚያወጣ መመሪያው ላይ ይጻፋል። ያ ቁጥር በሰከንድ ሲባዛ ሚሊጁል ይሰጣል፣ ቆዳው የተቀበለው የጨረር መጠን ማለት ነው። ለለምጽ የተለመደው መነሻ 200 ሚሊጁል ነው፤ የቆዳችሁ ጥቁረት አይለውጠውም፣ ምክንያቱም ነጩ ቦታ ላይ የሚከላከል ቀለም የለም። መብራቱ 5 ሚሊዋት የሚያወጣ ከሆነ 200 ለ5 ሲካፈል 40 ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ በየምቱ (መብራቱን በተጠቀማችሁ ቁጥር) ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጨመራል። በ10 በመቶ የሄደ ሰው 40፣ 44፣ 48፣ 53 እያለ ይወጣል። ጣሪያው ለፊት 1,500 ሚሊጁል፣ ለሌላው ሰውነት 3,000 ነው፤ በዚሁ መብራት 300 እና 600 ሰከንድ መሆኑ ነው። መመሪያው ላይ ቁጥሩ ካልተጻፈ የመነሻውን ሰከንድ ሐኪም ይወስን፤ በግምት የተጀመረ ሁሉ ወይ ያቃጥላል ወይ ወራት ያባክናል።

ከታች ያለው የፕላስቲክ ማበጠሪያ ጌጥ አይደለም፤ ርቀት የሚጠብቀው እሱ ነው። ጥርሱ ቆዳውን መንካት አለበት። እጅ ደክሞ መብራቱ በጥቂት ሴንቲሜትር ሲርቅ ቆዳው ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል፣ ሰውየው ግን 60 ሰከንድ ብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ክንድን ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ ይበቃል። አምፖሉ እንደበራ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ ጨረር የሚከላከል መነጽር አድርጋችሁ ወደ ግድግዳ አዙሩትና አንድ ደቂቃ ይሙቅ፣ ቆጠራው ከዚያ ይጀምር። ነጩ ቦታ ከመስኮቱ ከሰፋ በሁለት ጊዜ ይመታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቃጠለው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ መሐል ላይ ድርብ መጠን የበላ ቀይ መስመር ይወጣል። የተመታውን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው። ጤናማው ቆዳም በዚሁ ጨርቅ ቢከለል ጥሩ ነው፤ ዙሪያው ሲጠቁር ነጩ ይበልጥ ይጎላል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት «ባሰብኝ» የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

መብራት በመሐል ሲጠፋ (ክረምት ላይ ይበዛል) የዕቃው ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የተቆጠረውን በስልክ ሰዓት ያዙ፤ ሲመጣ አሙቃችሁ የቀረውን ብቻ ጨርሱ። እንደገና ከመጀመሪያው የጀመረ ሰው እስከ እጥፍ ሊወስድ ይችላል።

ትክክለኛው ምልክት ነጩ ቦታ ላይ የሚታይ፣ የማያም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጠፋ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። እሱ ከመጣ መጠኑን አትጨምሩ፣ እዚያው ቆዩ። ከ24 ሰዓት ካለፈ ወደ ቀደመው መጠን ውረዱ። ካመመ ወይም ውኃ ከቋጠረ እስኪድን ማቆም ነው። ቅላቱ የሚወጣው ወዲያው አይደለም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ በዚያው ምሽት መድገም ትልቅ ጥፋት ነው። ሁለት ቀን በተከታታይም አይመታም፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለብዙ ሰው ይመቻል።

ቀን ሲዘለል ሒሳቡ ይለወጣል። ካለፈው ምት ከ4 እስከ 7 ቀን ካለፈ መጠኑ ባለበት ይቆያል፤ ከ8 እስከ 14 ቀን በ25 በመቶ ይቀነሳል፤ ከ15 እስከ 21 ቀን በግማሽ፤ ከ3 ሳምንት በላይ ከሆነ ከ200 እንደ አዲስ ይጀመራል። ፍልሰታን ሱባዔ ገብቶ የከረመ ሰው በአብዛኛው ግማሹ ላይ ያርፋል። ለጸበል እንጦጦ የሚወጣም ይሂድ፣ ውኃው ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ ሲመለስ ግን ያቆመበትን ሰከንድ እንዳይቀጥል። አዲስ አምፖል ሲገባም ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀንሱ፤ አሮጌው ጉልበቱ ደክሞ ስለነበር ሰከንዱ ሳይታወቅ ረዝሟል።

ውጤቱ ሲመጣ ከፀጉር ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ጤፍ ፍሬ ያሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ሆኖ ነው፤ እየሰፉ ይገናኛሉ። ከ48 ምት በፊት «አልሠራልኝም» ማለት አይቻልም፣ ያ በሳምንት ሦስት 16 ሳምንት ነው። ለዘገየው እስከ 72 ይጠበቃል። ዓይን በየቀኑ ስለሚለምድ ለውጡን አያይም፤ በወር አንድ ጊዜ በዚያው የቤት መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት ይሻላል።

ከመብራቱ ጋር ከሞከርናቸው ሁሉ ዋጋ ያለው ታክሮሊመስ ነው፣ 0.1 በመቶው ቅባት፣ በተለይ ለፊትና ለአንገት። ቀን በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፣ ይለቃል። በመብራቱ ቀን የሚቀባው ከምቱ በኋላ ነው። ቫዝሊንም ቢሆን ከምቱ በፊት ተደልድሎ ከተቀባ ከጨረሩ የተወሰነውን ያስቀራል። ሞሜታሶን የተባለው የስቴሮይድ ቅባት ለሰውነት ይሠራል፣ ግን ያለ እረፍት ከተቀባ ቆዳ ያሳሳል፤ እረፍቱን ሐኪሙ ይቁጠር። ሩክሶሊቲኒብ የተባለ ሌላ የሚቀባ ክሬም በአሜሪካ በ2022 ለለምጽ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ከአብዛኛው ሰው አቅም በላይ ነው።

ጊንኮ (ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ ኪኒን) በቀን 120 ሚሊግራም መስፋፋቱን እንደሚያዘገይ በትንሽ ጥናት ታይቷል፤ እኛ ለይተን ያየነው ለውጥ የለም። አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ባይነካው ይሻላል። ጥቁር አዝሙድ ዘይት ብዙ ሰው ላይ አይጎዳም፣ ተስፋ የሚጣልበትም አይደለም። ቢ12ና ቫይታሚን ዲ በምርመራ አንሰው ከተገኙ ይሞሉ፤ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው ቢ12ን ማስለካቱ ተገቢ ነው።

ጤና አዳምና ሎሚ ነጩ ላይ አሽቶ ፀሐይ መሞቅ ግን ፈጽሞ አይሁን። ሁለቱም ውስጥ ቆዳን ለጨረር የሚያስቆጣ ፉራኖኩማሪን አለ፤ ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ ያመጣል፣ ቃጠሎው ባለፈበት ቦታም ለምጹ ሊሰፋ ይችላል። ቆዳ የተፋቀበትና የተላጠበት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ጠበቅ ያለ ማተብ፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ ላላ ይበል፣ ገላን በሻካራ ነገር መፈተግም ይቅር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ደመና ባለበት ቀን እንኳ ጨረሩ ብርቱ ነው። በመብራቱ ቀን ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ በቀትር የተጓዘ ሰው ያንን ሒሳብ ላይ አላስገባም። ነጩ ቦታ ከምቱ በኋላ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ይቀባ፤ ጥላና ባርኔጣም ይያዝ።

ቀለሙ ሲመለስ መብራቱን በአንድ ቀን አትተዉት። የመጀመሪያውን ወር በሳምንት ሁለት፣ ሁለተኛውን በሳምንት አንድ፣ ሦስተኛውን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአራተኛው ማቆም። ካቆሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ሰው 40 ገደማው ላይ ነጩ ተመልሶ ይወጣል፤ ታክሮሊመስን በሳምንት ሁለት ጊዜ ያው ቦታ ላይ መቀባት ይህን በእጅጉ ይቀንሳል፣ አንድ ቱቦም ብዙ ወር ይበቃል።