«ፎርማት ይደረግ» ሳትል ፋይላችንን ላወጣችልን የአዳማ እህታችን

ዛሬ የምናመሰግናት ልጅ አዳማ ውስጥ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ይዛ ኮምፒውተርና ስልክ ትጠግናለች። ስሜን አትጻፉ ብላናለች፤ እሺ ብለናል። አድራሻዋን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እንልካለን። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁን። ቅሬታ በአደባባይ ሲለጠፍ እያየን ምስጋናን በጆሮ ማንሾካሾክ ደግ አይደለም።

የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ሰዎች ነን። በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚያልፍብን እግዜር ይቁጠረው። ከደንበኛ አፍ ደጋግመን የምንሰማው ብሶት ደግሞ አንድ ነው፦ «ሰጠኋቸው፣ ፎርማት አድርገው መለሱልኝ።» ላፕቶፑ ዘገየ ሲሏቸው ፎርማት። ስልኩ ሞላ ሲሏቸው ፎርማት። ፍላሹ አልከፍት አለ ሲሏቸው ፎርማት። ሳይጠይቁ፣ ሳያዩ፣ «ውስጡ ምን አለ?» ሳይሉ። የልጅ የክርስትና ፎቶ፣ የሦስት ዓመት የሒሳብ መዝገብ፣ መምህራን ፊት ሊቀርብ አንድ ሳምንት የቀረው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ «የአገልግሎት» ተብሎ ይከፈላል። የቤቶቹን ስም አንጠራም፤ የተቃጠለ ያውቃቸዋል።

ይህችን ልጅ ከሌላው የሚለያት ይኸው ነው። ከማጥፋቷ በፊት ታያለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ሆነ?» ሳይሆን «ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ?» የሚል ነው።

የመምህሩን ነገር እንንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው። የሦስት ክፍል ተማሪዎች ሮስተር ያለበት 16 ጊጋ ፍላሽ ይዘው መጡ። እኛ ጋ ሲሰካ ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል ብቻ የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ተቀይረዋል፤ እያንዳንዳቸው ከታች ጥግ ላይ ቀስት አላቸው፣ መጠናቸውም 1 ወይም 2 ኪሎ ባይት ብቻ። ከዚያ በፊት የሄዱበት ቤት «ፋይሉ ተበልቷል፣ በሪከቨሪ ነው የሚወጣ» ብሎ 1,500 ብር ጠይቋቸዋል። ውጤቱን ለማስረከብ የቀራቸው አንድ ቀን ነው። ወደ እሷ ላክናቸው፣ አብረናቸውም ሄድን።

ልጅቱ ፍላሹን ሰካች፣ አንዱንም አልከፈተችም። ፍላሹ ላይ ቀኝ ክሊክ አደረገችና «ፕሮፐርቲስ» ገባች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ መምህሩ አዞረችው። «መምህር፣ ይህቺን ሰማያዊ ይዩልኝ። 9 ጊጋ ተይዟል ይላል። ፋይሉ ቢጠፋ ኖሮ ይህ ባዶ ነበር። ዕቃው ቤት ውስጥ ነው፣ መጋረጃ ነው የተጋረደበት።» ከዚያ ማውሱን አስያዘቻቸው፤ ሌላ ጊዜ ለብቻቸው እንዲችሉት በራሳቸው እጅ አሠራቻቸው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ፎልደሮቹ አንድ በአንድ፣ ደብዘዝ ብለው፣ ጉም ውስጥ እንዳለ ቤት ብቅ አሉ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። ስንት ልክፈል ሲሏት «ለዚህ አላስከፍልም፣ ተማሪዎቹን ሰላም ይበሉልኝ» አለቻቸው።

ለሌላውም ይጥቀም ብለን ያደረገችውን እንዳደረገችው እንጽፋለን። ይህ ቫይረስ ፋይል አይበላም። ፎልደሮቹን ይደብቅና በቦታቸው ራሱን የሚያስነሳ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሁለቴ ከነካችሁት ፎልደሩ ይከፈትላችሁ ይሆናል፣ ቫይረሱም አብሮ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ስለዚህ አትንኩት። «ፋይል ኤክስፕሎረር»ን (ፎልደሮች የሚታዩበትን መስኮት) ክፈቱና «ቪው» ውስጥ «ኦፕሽንስ» ግቡ (ዊንዶውስ 11 ላይ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ ታገኙታላችሁ)። በሚመጣው ሳጥን «ቪው» የሚለውን ክፍል ያዙ። «ሾው ሂድን ፋይልስ» የሚለውን ምረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «አልሠራም» ይላል። አልሠራ ያለው ቫይረሱ ፎልደሮቹን የተደበቁ ብቻ ሳይሆን የሲስተም ፋይል ጭምር ስለሚያስመስላቸው ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚል አለ፤ የሱን ምልክት አንሱ። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ «የስ» በሉት።

አሁን ደብዛዞቹ ይታያሉ። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ስም የሌለው ፎልደር ብቻ ነው የሚመጣው። ስሙ ባዶ ስለሆነ ሰው አያስተውለውም፤ ዕቃው ሁሉ እሱ ውስጥ ታጭቆ ይገኛል። ኮፒ ስታደርጉ ደብዛዛውን ፎልደር እንዳለ አትውሰዱት፣ ድብቅነቱ አብሮት ይሄዳል። ኮምፒውተራችሁ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩና ውስጡ ያለውን ብቻ አምጡ፤ ወርዱን፣ ኤክሴሉን፣ ፎቶውን። ቀስት ያለበትንና ምንነቱን የማታውቁትን ፋይል እዚያው ተዉት። ያወጣችሁትን አንድ ሁለቱን ከፍታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ አዎ፣ ያን ጊዜ ፍላሹ ፎርማት ይደረጋል። ፎርማት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው! መጀመሪያ ላይ አይደለም! ሲስተም ፋይሉንም መልሳችሁ ደብቁት፣ ልጆች ነካክተው ዊንዶውሱን እንዳያበላሹት።

ፍላሹ ስለጸዳ ብቻ እፎይ አትበሉ፤ የተያዘበት ኮምፒውተር እንዳለ ነው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚል አለ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነስቶ 15 ደቂቃ አካባቢ ይፈትሻል። ክፍት ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ጀምሩት።

ፎርማት ተደርጎ የተመለሰላችሁ ካላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን ያ ፍላሽ ላይ አንዲት ዘፈን እንኳ አትጫኑበት። ፈጣን ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ዕቃው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሥር ይቆያል። በሪከቨሪ ፕሮግራም የሚወጣውም ወደ ሌላ ዲስክ እንጂ ወደዚያው ፍላሽ አይደለም። ስልክ ግን እንዲህ አይደለም፣ ይህን በደንብ ያዙልን። የአሁኖቹ ስልኮች ዳታውን ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ፣ ማለትም ስልኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ሲጀምር፣ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል፣ የትኛውም ባለሙያ ከስልኩ ላይ አይመልሰውም። ከሪሴት በኋላ «ፎቶህን አወጣልሃለሁ» ብሎ ቀብድ የሚቀበል ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሌላም ጣጣ አለው። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ስልክ በግድ ሪሴት ሲደረግ ሲነሳ ቀድሞ የነበረበትን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ኢሜይሉን ሞባይል ቤት የከፈተላቸው፣ ፓስወርዱን አይተውት የማያውቁ እናቶች ስንት ናቸው? የራሳቸው ስልክ ይዘጋባቸዋል፣ ለማስከፈቻ ደግሞ ሌላ ብር። እሷ ጋ ስልክ ከመነካቱ በፊት ኢሜይሉ በወረቀት ይጻፋል፣ ፓስወርዱ መሥራቱ ይሞከራል፣ ፎቶው ይገለበጣል። «እማማ፣ ይህቺን ወረቀት ከቀበሌ መታወቂያዎ ጋር ያስቀምጧት» ስትል በጆሯችን ሰምተናል።

ደግሞ አብዛኛው «ሞላ» የሚባል ስልክ ሪሴት አያስፈልገውም። ቴሌግራም ነው የሞላው። «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩዜጅ» ግቡና ካሹን (ስልኩ ላይ አውርዶ ያከማቸውን ፋይል) አጽዱ። 10 ጊጋ የሚለቅ ስልክ አይተናል። መልእክቱና ፋይሉ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልጉት እንደገና ይወርዳል፤ ሚስጥራዊ ቻት ብቻ ነው ከዚህ ውጪ የሆነው። ዋትስአፕ ላይ ግን ይህን እንዳታደርጉ። እዚያ ያጠፋችሁት ቪዲዮ ከስልካችሁ ጠፋ ማለት ነው።

«ቻርጅ አይዝም፣ መሰኪያው ይቀየር» የተባለ ስልክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ የምታነሳው ካቻቪቴ ሳይሆን ስቴኪኒ ነው። ስልኩን ታጠፋለች፣ በመብራት ታያለች፣ በእንጨቷ ቀስ ብላ ከጠርዙ ትስባለች። ከኪስ የገባ ብናኝ ተጠቅጥቆ እንደ ጨርቅ ቁራጭ ይወጣል። ገመዱ «ቀጭ» ብሎ ካልገባና ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። በመርፌ አትሞክሩት፣ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን እግሮች ያጣምማል።

ላፕቶፕ ደግሞ የአዳማ ነፋስ ያመጣው በሽታ አለው። አቧራው በመስኮት ይገባል፣ ፋኑ ይስበዋል፣ ከፋኑና ከመዳብ ክንፎቹ መካከል ይጋገራል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ይንቀረፈፋል፣ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ድርግም ይላል። ለዚህ ነው ስትከፍቱት ደህና ሆኖ ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚጠፋው። ይህንኑ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ የግማሽ ላፕቶፕ ዋጋ የተጠየቀበት ሰው እናውቃለን። እሷ ከፈተችውና ያንን ግራጫ ንጣፍ በወረንጦ አንስታ ወረቀት ላይ አስቀመጠችለት፤ ወርዱ የጣት ያህል፣ ውፍረቱ የጋቢ ያህል። ፋኑን በጣቷ ይዛ ነው የምትነፋው፣ በንፋስ ብቻ ሲሽከረከር ስለሚጎዳ። የደረቀውን ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) በአልኮል ጠርጋ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ ታደርጋለች። የቦርድ ብየዳውን ለእሷ እንተወውና፣ እናንተ ቢያንስ ላፕቶፑን ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት።

ለጽሕፈት ቤት ሰዎች ትልቁ ውለታዋ ግን የአማርኛው ነው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ውል ይመጣል፣ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ይሆናል። «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ እንደገና ይጻፍ» ተብሎ 40 ገጽ እንደገና የተጻፈበት ጊዜ አለ። አልተበላሸም። እነዚያ የድሮ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ የሚታየው የቦታው ባለቤት ነው። ጽሑፉን መርጣችሁ የፎንቱን ስም እዩ፣ ያንኑ ፎንት ጫኑ፣ ይመለሳል። አዲስ የሚጻፈውን ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቦታ በሚሰጠው በዩኒኮድ ጻፉት፤ የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፣ የዊንዶውስ ፎንቶቹ ኒያላም ኤብሪማም ያነቡታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላን ካጣችሁት «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ። ሌላ ቤት ሄዶ የሚታተም ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱት፣ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል።

አንዷን ሳንጨምር ብናልፍ ይቆጨናል። «ኢንተርኔቱ አይሠራም፣ ገጹ ሁሉ አደገኛ ነው ይላል» ብሎ የመጣ ልጅ ነበር። ሌላ ቤት ዊንዶውሱ ይቀየር ብለውታል። እሷ የስክሪኑን ታችኛ ጥግ አየችና ሳቀች። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል! ኮምፒውተሩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ሄዷል፣ የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ደግሞ ገና ያልተሰጠ ሆኖ ይታየዋል። ቀኑን አስተካከለች፣ አለቀ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ክብ ባትሪ ደክማለች ማለት ነው፤ ባለ 3 ቮልት ናት፣ ትቀየር።

እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ። ሰውን በማስፈራራት ሳይሆን ስክሪኑን አዙረሽ በማሳየት ስለምትሠሪ እናመሰግናለን። የአዳማ ልጆች፣ እባካችሁ ወደ እሷ ሂዱ፣ ወላጆቻችሁንም ላኩ። ፍላሽም ሆነ ስልክ አንዴ ፎርማት ከመደረጉ በፊት እሷ ትየው።

ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋ አለው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስልክ ከሆነ ኢሜይልና ፓስወርዳችሁን አስታውሱ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁን።